ሃርድ ድራይቩ ተቀየረ፤ ድምፁስ የት ገባ?

ላፕቶፑ ሲንቀራፈፍ ከረመና አንድ ቀን ጭራሽ አልነሳም አለ። ጥገና ቤት ወሰዳችሁት፤ «ሃርድ ድራይቩ ሞቷል» ተባላችሁ። አዲስ ተገጠመለት፣ ዊንዶውስም ተጫነበት። ቤት ስትከፍቱት እንደ አዲስ ይፈጥናል፣ ልጆቹም ደስ አላቸው። እሁድ ከሰዓት በኋላ አያት ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ሲደውሉ ግን ፊታቸው ይታያል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

ይሄኔ ብዙ ሰው «ስፒከሩም ተቃጥሏል ማለት ነው» ብሎ ሌላ ገንዘብ ለማውጣት ይነሳል። ቆዩ፣ አትቸኩሉ። ሃርድ ድራይቭ ከተቀየረ በኋላ ድምፅ ሲጠፋ፣ ብዙውን ጊዜ የተበላሸ ዕቃ የለም። አንድ ትንሽ ፕሮግራም ብቻ ነው የጎደለው፤ እሱም በነፃ ይገኛል።

ነገሩ ምንድነው?

ኮምፒውተር ውስጥ የድምፅን ሥራ የምትሠራ ትንሽ ቺፕ አለች። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ያለችው ሪልቴክ የተባለ የታይዋን ኩባንያ ሥራ ናት። ዊንዶውስ እና ይህች ቺፕ ብቻቸውን አይግባቡም። በመካከላቸው «ድራይቨር» የሚባል ፕሮግራም ይቆማል። ስሙን ስንሰማ ሹፌር ይመስለናል እንጂ ሥራው የአስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚን ደግሞ እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ጂፒ ጋ ስትሄዱ እናትም ሐኪሙም መናገር ይችላሉ፤ የሚያስተረጉም ሰው ከሌለ ግን መግባባት የለም።

ይህ አስተርጓሚ ይኖር የነበረው አሮጌው ሃርድ ድራይቭ ላይ ነው። ዲስኩ ሲወጣ አብሮ ወጣ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ለብዙ ዕቃዎች የራሱን አስተርጓሚ ይዞ ይመጣል፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ጠጋኙ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ሳይጭን የአሮጌውን ዲስክ ይዘት እንዳለ ወደ አዲሱ ገልብጦት ከሆነ ግን ድራይቨሩም አብሮ ስለሚመጣ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ላፕቶፑን ስትቀበሉ «እንደ አዲስ ነው የጫንከው ወይስ ገለበጥከው?» ብላችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን

ከታች በስተቀኝ ያለችውን የስፒከር ምልክት ተመልከቱ። ድምፁ ተዘግቶ ወይም እስከ ታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። እዚያው ላይ ድምፁ ወዴት እየሄደ እንደሆነ እዩ። ላፕቶፑ በገመድ ከቲቪ ወይም በብሉቱዝ ከሌላ ዕቃ ጋር ከተያያዘ ድምፁ ወደዚያ ሄዶ እናንተ ዝም ያለ መስሏችሁ ይሆናል።

ቀጥሎ ሄድፎን ሰክታችሁ ሞክሩ። በሄድፎኑ የሚሰማ ከሆነ ድራይቨሩ አለ ማለት ነው። በስፒከሩ ብቻ የማይሰማ ከሆነ፣ ላፕቶፑ ሲከፈት የስፒከሩ ቀጭን ሽቦ ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሠራው ሰው መልሱት። በሁለቱም ካልተሰማ ወደሚቀጥለው እለፉ።

አስተርጓሚውን መመለስ

የስታርት ምልክቷን በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጫኑና «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚለውን ክፈቱ። በዝርዝሩ ውስጥ ድምፅን የሚመለከት ስም አጠገብ ቢጫ ምልክት ካያችሁ ወይም ድምፅን የሚመለከት ነገር ጭራሽ ከሌለ የጎደለው ድራይቨሩ ነው።

መጀመሪያ ዊንዶውስ ራሱ ይፈልግላችሁ። በዊንዶውስ 11 «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ዊንዶውስ አፕዴት»፣ ከዚያ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ኦፕሽናል አፕዴትስ» ግቡ። እዚያ የድምፅ ድራይቨር ካገኛችሁ ጫኑትና ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገላገላል።

ካልሆነ ወደ ላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ ሂዱ፤ ዴል ከሆነ ወደ ዴል፣ ኤችፒ ከሆነ ወደ ኤችፒ፣ ሌኖቮ ከሆነ ወደ ሌኖቮ። ላፕቶፑን ገልብጡት፤ ከሥሩ መለያ ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ ዴል «ሰርቪስ ታግ» ይለዋል። ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ ስትጽፉ የእናንተኑ ላፕቶፕ ድራይቨሮች ያወጣላችኋል። «ኦዲዮ» የሚለውን አውርዳችሁ ጫኑ፣ ከዚያም አስነሱት። ላፕቶፑ ቆየት ያለ ከሆነ የዊንዶውስ 11 ላይገኝለት ይችላል፤ የዊንዶውስ 10ን ሞክሩ፣ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ዋይፋዩም አብሮ ጠፍቶ ከሆነስ? የእሱም አስተርጓሚ ቀርቶ ይሆናል። ላፕቶፑን ከኢንተርኔቱ ሳጥን ጋር በገመድ አገናኙት። ገመድ ከሌለ ድራይቨሩን በዘመድ ወይም በጎረቤት ኮምፒውተር አውርዳችሁ በፍላሽ አምጡ።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ

«የድምፅ ድራይቨር» ብላችሁ ስትፈልጉ ከላይ ከላይ የሚመጡት ብዙዎቹ ማስታወቂያዎች ናቸው። «ኮምፒውተርህ 27 ችግር አለበት፣ ክፈልና እናስተካክላለን» የሚል ከመጣ ዝጉት። የአምራቹ ድራይቨር ገንዘብ አይጠየቅበትም። «ወደ ማይክሮሶፍት ደውሉ» የሚል ስልክ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ቢወጣም አትደውሉ። የእውነተኛው ማይክሮሶፍት ማስጠንቀቂያ ስልክ ቁጥር የለውም። ተታላችሁ የባንክ ካርዳችሁን ሰጥታችሁ ከሆነ አትፈሩ፣ አትሸማቀቁም፤ በ159 ደውሉ፣ ብዙዎቹን ባንኮች ያገናኛል።

ከፍላችሁ ያሠራችሁት ከሆነ

የ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ አንድ አገልግሎት በተገቢው ጥንቃቄና ችሎታ መሠራት አለበት ይላል። የሚናገር ላፕቶፕ ሰጥታችሁ ዲዳ ሆኖ ከተመለሰ፣ ያልተሟላውን ሥራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲጨርስ መጠየቅ ትችላላችሁ። ደረሰኛችሁን ያዙ፣ በትህትና ጠይቁ። አንግባባም ካላችሁ የሲቲዝንስ አድቫይስ የሸማቾች መስመር 0808 223 1133 ነው፤ ምክሩ በነፃ ነው። ለንደን ውስጥ ደግሞ ሪስታርት ፕሮጀክት የሚባል ድርጅት አለ፤ ከ2012 ጀምሮ ሰዎች የተበላሸ ዕቃቸውን ይዘው የሚመጡበትና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር አብረው የሚጠግኑበትን ዝግጅት ያካሂዳል።

አሮጌውን ዲስክም ጥገና ቤት ትታችሁ አትምጡ። ሞተ ቢባልም የሠርግና የክርስትና ፎቶ፣ የፓስፖርት ቅጂ ሊኖርበት ይችላል። «ዲስኬን ስጡኝ» በሉ።

ለልጆች

ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ ድምፁን መመለስ ትችላላችሁ። ግን አንድ ነገር እንለምናችሁ። ማውሱን እማዬ ወይም አባዬ ይያዙት። እናንተ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ስክሪኑ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ አንብቡላቸው፣ ምን ማለት እንደሆነ በአማርኛ ንገሯቸው። ቀስ ቢሉ ማውሱን አትንጠቋቸው። እናንተ ትምህርት ቤት በሆናችሁበት ቀን ድምፁ እንደገና ቢጠፋ ብቻቸውን መመለስ ይችላሉ።

ሲጨርሱ ድራይቨሩን ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ የላፕቶፑንም መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪቸን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከዚያ እሁድ እስኪደርስ አትጠብቁ። ዛሬውኑ አዲስ አበባ ደውሉና «አያቴ፣ አሁን ይሰማሻል?» በሏቸው።