«የውዴታ ግዴታ»፦ ተቃርኖ በቋንቋችንና በቤታችን

   

ልጆቻችሁ ከአማርኛ ትምህርት «አያዎ» የሚል ቃል ይዘው ቤት ገብተው ይሆናል። ቃሉ «አይ» እና «አዎ» ከሚሉት የተገጣጠመ ነው። እርስ በርሱ የሚጣላ የሚመስል፣ ሲመረመር ግን እውነት የሚወጣው አነጋገር ማለት ነው። በየዕለቱ እንጠቀምበታለን፤ «የቁም ሙት» እንላለን፣ «አውቆ አበድ» እንላለን። የቆመ ሰው አልሞተም፣ የሚያውቅም አላበደም። ይሁን እንጂ ሰሚው ማን እንደተባለ ወዲያው ይገባዋል።

የዐረብኛ በላጋ ሊቃውንት ተቃራኒ ቃላትን ጎን ለጎን ማስቀመጥን «ጢባቅ» ይሉታል። ኢብኑል ሙዕተዝ በሂጅራ 274 (እ.ኤ.አ. 887) ባዘጋጁት «ኪታቡል በዲዕ» ውስጥ ከዘረዘሯቸው አምስት ዋና ዋና የንግግር ውበቶች አንዱ ይኸው ነው። ነገሩ ግን ጌጥ ብቻ አይደለም። በሱረቱል በቀራህ 179ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) በቂሷስ ውስጥ ሕይወት እንዳለልን ይነግረናል። ቂሷስ በግፍ የገደለ ሰው በሕግ በሞት የሚቀጣበት ፍርድ ነው። ታዲያ በሞት ውስጥ እንዴት ሕይወት ይኖራል? ሙፈሲሮች እንዳብራሩት፣ ብገድል እጠየቃለሁ ብሎ ያሰበ ሰው እጁን ይሰበስባል። በዚህም ሊገደል የነበረውም ሊገድል የነበረውም ይተርፋሉ፤ በአንድ ሰው ደም ሰበብ ጎሳ ከጎሳ መተላለቁም ይቀራል።

የሑደይቢያን ስምምነትም አስታውሱ። በሂጅራ 6ኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. 628) 1400 ያህል ሶሐቦች ዑምራ ሊያደርጉ ወጥተው ካዕባን ሳያዩ ተመለሱ። ከመካ ሸሽቶ መዲና የመጣ ይመለስ፣ ከመዲና ወደ መካ የሄደ ግን አይመለስ የሚለው ውል ለብዙዎች ውርደት መሰላቸው። በመንገድ ላይ ሱረቱል ፈትሕ ወረደች፤ ነገሩንም ግልጽ ድል አለችው። ዑመር (ረ.ዐ) «ይህ ድል ነውን?» ብለው እስከመጠየቅ ደረሱ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አዎን አሏቸው። በ8ኛው ዓመት ወደ መካ የገባው ሠራዊት 10 ሺህ ነበር።

ዛሬ በዋናነት ልናነሳው የፈለግነው ግን አነስ [ረ.ዐ] ያስተላለፉትን፣ በቡኻሪ የተዘገበውን ሐዲስ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወንድማችንን በዳይም ሆነ ተበዳይ እንድንረዳው አዘዙ። ሶሐቦች ግራ ገባቸው። ተበዳዩን መርዳት ግልጽ ነው፤ በዳዩን ግን እንዴት አድርገን እንረዳዋለን? ሲሉ ጠየቁ። ከበደሉ መከልከል እርሱን መርዳት መሆኑን ነገሯቸው። ኢብኑ ሐጀር በ«ፈትሑል ባሪ» እንዳወሱት፣ ይህ አባባል በጃሂሊያ ዘመንም ይነገር ነበር። ያኔ ግን ትርጉሙ እንደ ቃሉ ነበር፤ የጎሳህ ሰው ነውና ቢበድልም ከጎኑ ቁም ማለት ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቃሉን እንዳለ ትተው ትርጉሙን ገለበጡት። ወንድምነቱ አልተነካም፤ የወንድምነት ሥራ ግን ተለወጠ።

እስካሁን ያየነው ሲመረመር እውነት የሚወጣው ተቃርኖ ነው። ሲመረመር ነውር የሚወጣው ተቃርኖም አለ። «ነጭ ውሸት» የሚለውን ውሰዱ። ውሸት ቀለም አለው እንዴ? አባት ስልክ ሲደወል ልጁን «የለም በለው» ይላል፤ ማታ ደግሞ ስለ እውነተኝነት ይመክረዋል። ልጁ የሚይዘው የትኛውን እንደሆነ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ የሚከፋው ግን «የውዴታ ግዴታ» ነው። አገራችን ይህን ሐረግ በደንብ ታውቀዋለች። መዋጮ ሲጠየቅ፣ ስብሰባ ሲጠራ «በውዴታ ግዴታ ነው» ተብሎ እየተሳቀ ይወጣል። ሰው የሚስቀው ሐረጉ ምን እንደሚሸፍን ስለሚያውቅ ነው። ይኸው ነገር ቤታችን ሲገባ ግን አንስቅም፤ እንዲያውም «ስምምነት» ብለን እንጠራዋለን።

የምንለው ስለ እህቶች ውርስ ነው። አባት ይሞታል፤ ሶላተ ጀናዛው ይሰገዳል፤ ሰደቃ ይወጣል። ከዚያ ቤቱና ሱቁ በወንድ ልጆቹ እጅ ይቀራል። እህቶችስ? ሲባል፣ «በፈቃዳቸው ትተውልናል» የሚል መልስ ይመጣል። እስቲ ያቺ «ፈቃድ» እንዴት እንደተገኘች እንመልከት። ልጅቱ በሽማግሌዎች መሃል ትቀመጣለች። ዓይን ሁሉ እርሷ ላይ ነው። እናት በጆሮዋ «ወንድምሽን አታስቀይሚ፤ ነገ ከባልሽ ብትጣዪ የት ትገቢያለሽ?» ትላታለች። ምን ብላ እምቢ ትበል? አንገቷን ትደፋለች፤ አንገት መድፋቷም እሺታ ተብሎ ይቆጠራል። እኛ ኢማሞችም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለንም። «ትታለታለች» ሲባል «ማሻአላህ» ብለን፣ ዱዓ አድርገን የተነሳንባቸው የሽምግልና መድረኮች አሉ። አላህ ይማረን።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ 7ኛው አንቀጽ ለወንዶችም ለሴቶችም ወላጆች ከተዉት ድርሻ እንዳላቸው፣ ንብረቱ ጥቂትም ይሁን ብዙ ድርሻው የተወሰነ ግዴታ መሆኑን ደንግጓል። በ11ኛው አንቀጽ አከፋፈሉ ተዘርዝሯል፤ በ13ኛውና በ14ኛው ደግሞ እነዚህ የአላህ ወሰኖች መሆናቸው ተነግሮ የሚጥሳቸው በእሳት ተዝቶበታል። በምሳሌ እንየው። ሟች አንድ ወንድና ሁለት ሴት ልጆችን ብቻ ትቶ ቢሞት፣ ዕዳውና ኑዛዜው ከተከፈለ በኋላ የቀረው 800 ሺህ ብር ቢሆን፣ ንብረቱ በአራት እጅ ይከፈላል። ለወንዱ ሁለት እጅ፣ ማለትም 400 ሺህ፤ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ እጅ፣ ማለትም 200 ሺህ ይደርሳል። ሁሉንም የወሰደ ወንድም ከእህቶቹ 400 ሺህ ብር ወስዷል ማለት ነው። «ሴት የወንድ ግማሽ ነው የምታገኘው» እያለ ከሌሎች ጋር የሚከራከረው ሰው፣ ያችን ግማሽ እንኳ ሳይሰጥ ሲቀር ተቃርኖው የማን ነው? የሃይማኖቱ ነው ወይስ የእርሱ?

የእውነት ፈቃድማ መለኪያ አለው። በዚያው ሱራ 4ኛው አንቀጽ፣ ባል ከሚስቱ መህር ላይ አንዳች እንኳ ሊበላ የሚችለው ነፍሷ ወዳ ከሰጠችው ብቻ እንደሆነ እናነባለን። በይሉኝታና በፍርሃት የተወሰደ ነገር ነፍስ ወዳ የሰጠችው አይደለም።

ስለዚህ ወደ ሐዲሱ እንመለስ። ወንድማችሁ የእህቱን ድርሻ ይዞ ከሆነ ማን ይርዳው? ለእርሱ ያደላች እናት እየረዳችው አይደለም። ዝም ያለው አጎትም አልረዳውም። የረዳው «ይህ ገንዘብ የአንተ አይደለም» ያለው ነው። ምናልባት ለጊዜው ይኳረፋሉ።

ከአድማጮቻችን «እህት ለወንድሟ መስጠት ብትፈልግስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እንገምታለን። ትችላለች፤ ገንዘቧ ነው። የእኛ ምክር ግን ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ የሚል ነው። መጀመሪያ ንብረቱ ይገመት፤ ድርሻዋ በጽሑፍ ይለይ፤ ከዚያም በእጇ ይግባ። ሽማግሌም ይበተን፤ ሳምንታት ይለፉ። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጠይቃት ራሷ ተነስታ ከሰጠችው፣ ያ ስጦታ ነው፤ ወንድሟም በደስታ ይቀበላት።

ውርስ ከመከፈሉ በፊት ስለሚቀድሙት ስለ ሟች ዕዳና ኑዛዜ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዝግጅታችን እንመለስበታለን።