ለቅሶ ያልተደረሰላት ሚስት

ከአዳማ ተነስታችሁ ሞጆንና ቢሾፍቱን አልፋችሁ አዲስ አበባ ልትገቡ ስትሉ ቃሊቲን ታገኛላችሁ። በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር የጋዜጠኛውና የደራሲው በዓሉ ግርማ ቮልስዋገን ባዶዋን ቆማ የተገኘችው በዚሁ መንገድ ነው። እርሱ ግን አልተመለሰም።

ልብ ወለድ ማንበብ ዓለማዊነት ተብሎ ሲነቀፍ የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በዓሉ ኢሉባቡር ሱጴ ተወልዶ በጄኔራል ዊንጌት ተምሯል፣ ጋዜጠኝነትን አሜሪካ ድረስ ሄዶ አጥንቷል። መነንን፣ አዲስ ዘመንንና ሌሎችንም አዘጋጅቷል። «ከአድማስ ባሻገር»ን፣ «ደራሲው»ንና «ሀዲስ»ን ጽፏል። በደርግ ዘመን የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆኖ ነበር። እንግዲህ ደመወዝም ሹመትም ነበረው ማለት ነው። በ1974 ዓ.ም. ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሄዶ ያየውን ግን ዝም ሊለው አልቻለም። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ታተመ፤ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፣ እርሱም ከሥራው ተባረረ። ከወራት በኋላ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

እስቲ እህቴ፣ ባለቤትሽ የልጆችሽን እንጀራ የሚያሳጣ እውነት ጽፎ ማታ ቢያነብልሽ ምን ትዪዋለሽ? «ተው» ማለትም እኮ ከፍቅር ነው። ወንድሜ፣ አንተስ ሳታማክራት ታሳትመዋለህ?

የበዓሉ ባለቤት ወ/ሮ አልማዝ አበራ ከልጆቿ ጋር ቀረች። ባሏ ሞቷል እንዳትል አስከሬን አላየችም፤ አለ እንዳትል ድምፁን አልሰማችም። የሳኦል ቁባት ሪጽፋ እንኳ (2ኛ ሳሙኤል 21) ከአሞራ የምትጠብቀው የልጆቿ ሬሳ ነበራት።

ይህ ሐዘን ለእኛም ቤት እንግዳ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳም ወደ አሥር ዓመት ገደማ ታሰሩ። የባላቸው አጽም ተገኝቶ በክብር የተቀበረው በ1984 ዓ.ም. ነው።

በየጉባኤያችን ባሏ በጦርነት ወይም በስደት መንገድ ጠፍቶ የቀረባት እህት አለች። ድንኳን ስላልተጣለ ለቅሶ አንደርስም። አንዱ «በእምነት ጠብቂው» ይላታል፣ ሌላው «እርምሽን አውጪ» ይላታል። ሁለቱም ቸኩለዋል። ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ ስሙን ጠርታችሁ ስለ እርሱ ጠይቋት፤ ስታወራ አታቋርጧት።

«ኦሮማይ» በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ታትሞ ወጥቷል። የበዓሉ መቃብር ግን ዛሬም አይታወቅም።