ምልከታና ትዝብት፦ በመማሪያ ክፍል ስለሚያዝ የመመዝገቢያ ቅጽ

በትምህርት ዓለም መመዘን የማይቀር ነገር ነው። መምህሩ ተማሪውን ይመዝናል፤ ርዕሰ መምህሩና ሱፐርቫይዘሩ መምህሩን ይመዝናሉ፤ እኛ የሕክምና ተማሪዎች ደግሞ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ቆመን እንመዘናለን። ስለዚህ ጥያቄው «ሰው ይመዘን ወይስ አይመዘን» የሚል አይደለም። ጥያቄው «መዛኙ የሚጽፈው ያየውን ነው ወይስ የመሰለውን?» የሚል ነው።

በቋንቋችን ማየትና መታዘብ አንድ አይደሉም። «ታዘብኩህ» የተባለ ሰው መታየቱን ብቻ ሳይሆን እንደተፈረደበትም ያውቃል። ምን አድርጎ እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። የመመልከቻ ቅጽ፣ በተለምዶ ቼክሊስት የምንለው መሣሪያ፣ ዋና ሥራው ሁለቱን መለየት ነው፤ ይኸውም የታየው ነገር አስቀድሞ እንዲመዘገብ፣ ፍርዱም ከዚያ በኋላ እንዲመጣ ማድረግ ነው።

ይህ መለየት ለምን አስፈለገ? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጣው ጽሑፍ የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን እንዴት እንደሚመዝኑ አሳይቷል። መኮንኖቹ ስለ ሰውነት አቋም፣ ስለ ብልህነት፣ ስለ አመራር ችሎታና ስለ ጠባይ ለየብቻ ነጥብ መስጠት ነበረባቸው። ነገር ግን በአንዱ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘ ሰው በሌላውም ሁሉ ከፍ ሲል፣ በአንዱ ዝቅ ያለውም በሌላው ዝቅ ሲል ታየ። በመማሪያ ክፍልም ነገሩ እንዲሁ ነው። ልብሱ የጸዳ፣ ድምፁ ጎላ ያለ መምህር «ጎበዝ አስተማሪ» ይባላል። ለስንት ተማሪ የመናገር ዕድል እንደሰጠ ግን የቆጠረ የለም።

መቁጠር እንደሚቻል ካሳዩት አንዱ ኔድ ፍላንደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት የታወቀው ዘዴው በክፍል ውስጥ የሚሰማውን ሁሉ በ10 መደብ ይከፍለዋል። 7ቱ የመምህሩ ናቸው፤ እነሱም የተማሪውን ስሜት መቀበል፣ ማመስገን፣ በተማሪው ሐሳብ መጠቀም፣ መጠየቅ፣ ማስረዳት፣ ማዘዝና መንቀፍ ናቸው። 2ቱ የተማሪው ናቸው፤ ተጠይቆ መመለስና በራሱ ተነሣስቶ መናገር። 10ኛው ዝምታ ወይም ሁካታ ነው። ተመልካቹ በየ3 ሰከንዱ አንድ ቁጥር ይጽፋል። ይህም በደቂቃ 20፣ በ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 900 ምልክት ማለት ነው። ከ900ው ለምሳሌ 600ው የመምህሩ ገለጻ ሆኖ ቢገኝ፣ «ብዙ ያወራል» የሚለው ሐሜት ቀርቶ መምህሩ ራሱ አይቶ የሚያምነው ማስረጃ ይገኛል።

ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪ ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ለየች፤ ይኸውም መምህሩ ጥያቄ ጠይቆ ስንት ጊዜ ይጠብቃል? በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ጥናት መምህራን ባብዛኛው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ትዕግሥታቸው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያድግ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም ቁጥራቸው ቀነሰ። እንግዲህ «ሰነፍ ተማሪ» የተባለው ልጅ ጥቂቱ ወይም ብዙው ስንፍና የመምህሩ ችኮላ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ከእነዚህ ሥራዎች ጥሩ ቅጽ የሚዘጋጅበትን መንገድ በአራት ነጥብ ማስቀመጥ ይቻላል።

አንደኛ፣ በቅጹ ላይ የሚሰፍረው በዓይን የሚታይ ወይም በጆሮ የሚሰማ ድርጊት መሆን አለበት። «ተማሪው ግዴለሽ ነው» ፍርድ ነው፤ «በ10 ደቂቃ ውስጥ 4 ጊዜ ከመቀመጫው ተነሣ» ምልከታ ነው።

ሁለተኛ፣ ጊዜው ይወሰን። ረባሽ የተባለ ልጅ ሲረብሽ ብቻ ከተመዘገበ ቅጹ ከሳሽ እንጂ መስካሪ አይሆንም። በየ2 ደቂቃው ቀና ብሎ ሁሉንም በእኩል ማየት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ ሁለት ሰዎች አንዱን ክፍል ተራርቀው ተቀምጠው ይመዝግቡና ይተያዩ። ከ20 ነጥብ በ17ቱ ቢስማሙ ስምምነታቸው 85 በመቶ ነው። በ10ሩ ብቻ ከተስማሙ የሚታረመው መምህሩ ሳይሆን ቅጹ ነው።

አራተኛ፣ በአንድ ቀን ጉብኝት አይፈረድ። እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረግ ሁሉ፣ ተመልካች ሲገባ መምህሩም ተማሪውም ጠባዩን ያሳምራል። ተመላልሶ ማየት ይህን ያለዝበዋል።

ይህ ሲባል ቅጽ ሁሉን ይለካል ማለት አይደለም። ለዚህ የኛው ሙያ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ ኦስኪ የሚባለውን የክሊኒክ ፈተና አስተዋወቁ። ተማሪው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይዘዋወራል፤ ፈታኞቹም ለሁሉም ተማሪ በአንድ ዓይነት ቅጽ ነጥብ ይይዛሉ። ከዚያ በፊት የተማሪው ዕድል በደረሰው በሽተኛና በፈታኙ ጠባይ ላይ ብዙ ያዘነብል ስለነበር፣ ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1999 ብራያን ሆጅስና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች በቼክሊስቱ ሲመዘኑ ከተማሪዎች ያነሰ ነጥብ አገኙ። የሠለጠነ ሐኪም ሁሉን ጥያቄ እየደረደረ አይጠይቅም፤ ጥቂት ጠይቆ ወደ ዋናው ነገር ይደርሳል። ስለዚህ ቅጹ የጀማሪውን እርምጃ ይቆጥራል እንጂ የአዋቂውን ብስለት አይመዝንም። ከቅጹ ጎን የበሰለ ሰው አስተያየት ያስፈልጋል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ እኛ ኑሮ ስንመለስ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርበናል። በብዙ የክሊኒክ ፈተና ቅጾች ላይ «በሽተኛውን ዓይን ለዓይን እያየ ያነጋግራል» የሚል መስመር አለ። በታላቅ ፊት ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ጨዋነት ነው ተብሎ ላደገ ሰው ይህ መስመር ነጥብ ያስጥላል። በክፍልም ታላቁን ላለማቋረጥ ዝም ያለው «አይሳተፍም» ተብሎ ይመዘገባል። ታዲያ ቅጹ ይቅር እንበል? አንልም። በወረቀት ላይ የሰፈረ መስፈርት ይነበባል፣ ይጠናል፣ ይሞገታል፤ በመዛኙ ልብ ውስጥ የተደበቀ መስፈርት ግን አይሞገትም። የሚበጀው መስፈርቱን አስቀድሞ ጠይቆ ማወቅ፣ ልምምድ የሚሻውን መለማመድ፣ አግባብ ያልሆነውንም በምክንያት መጠየቅ ነው።

ነገ ወደ አገራችን ተመልሰን ከምናስተምረው መካከል ቅጹን በእጁ የሚይዝ ይኖራል። ያን ጊዜ የውጭውን እንዳለ ገልብጦ መውሰድ አይገባም። 70ና ከዚያ በላይ ተማሪ በተጨናነቀበት ክፍል «መምህሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ ዕድል ይሰጣል» የሚል መስመር መምህሩን በማይችለው መክሰስ ነው። ከሁሉም በላይ ቅጹ የማን ነው የሚለው መታሰብ አለበት። በአለቃ መሳቢያ ውስጥ ለእድገት ወይም ለቅጣት የሚቀመጥ ከሆነ መምህሩ ለታይታ ያስተምራል። በዚያው ዕለት ለመምህሩ ተሰጥቶ «ይህን አየሁ፤ አንተስ እንዴት ታየዋለህ?» ከተባለ ግን መማሪያ ይሆነዋል።

ልምምዱን ለመጀመር አገር እስክንገባ መጠበቅ አያሻም። በጥናት ቡድኖቻችን አንዱ ሲያስረዳ ሌላው ሦስት ነገር ብቻ ለ20 ደቂቃ ይመዝግብ፤ ስንት ጥያቄ ተጠየቀ፣ ከጥያቄው በኋላ ስንት ሰከንድ ተጠበቀ፣ ስንት የተለያዩ ሰዎች ተናገሩ። ከዚያ ወረቀቱን ላስረዳው ያስረክብና ተራ ይለዋወጡ። አንድ ሴሚስተር ይህን ያደረገ ቡድን የሰውን ሥራ አይቶ መናገርን ይለምዳል፤ ሲታይም አይደነግጥም።