በዩኒቨርሲቲዎች መካከል በቪዲዮ ኮንፈረንስ የሚሰጥ ትምህርትና ተግባራዊ ችግሮቹ

መምህሩ ከሚገኝበት ዩኒቨርሲቲ ሳይነሳ በሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተማሪዎችን እንዲያስተምር የሚያስችለው የቪዲዮ ኮንፈረንስ የመምህራንን እጥረት ለማቃለል ከሚያገለግሉ መንገዶች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ውጤቱ የሚወሰነው በመሣሪያው ግዥ ብቻ ሳይሆን በመስመሩ፣ በኤሌክትሪክ ኃይሉ፣ በሰዓት አመዳደቡና በሚመደበው ባለሙያ ጭምር ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2004 በወቅቱ የህንድ ፕሬዚዳንት በነበሩት ኤ.ፒ.ጄ. አብዱል ካላም ሐሳብ አቅራቢነት የተጠነሰሰ ሲሆን፣ የሙከራ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2007 በኢትዮጵያ ተጀምሯል። በዚሁ መሠረት የአዲስ አበባና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ኒው ዴልሂ ከሚገኘው ኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተገናኝተዋል።

በሳተላይት በሚካሄድ ትምህርት በቅድሚያ የሚያጋጥመው ችግር የድምፅ መዘግየት ነው። ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኝ ሳተላይት የተላከ ድምፅ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ጥያቄ ቀርቦ ምላሹ እስኪሰማ ደግሞ መዘግየቱ ግማሽ ሰከንድ ይደርሳል። በዚህም ምክንያት ተማሪውና መምህሩ በአንድ ጊዜ እየተናገሩ ይደናቀፋሉ። መምህሩ የመናገር ተራ ሲሰጥና ተራ ያልደረሳቸው ክፍሎች ማይክሮፎናቸውን ሲዘጉ ችግሩ በእጅጉ ይቃለላል።

የመስመር አቅም ሲያንስ ምስሉ ቢደበዝዝም ትምህርቱ ሊቀጥል ይችላል፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ግን ይቋረጣል። ስለዚህ ቅድሚያ ሊሰጥ የሚገባው ለድምፅ ነው። መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተር መኖሩ ብቻውን አይበቃም። መሣሪያዎቹ እንደገና ተነስተው ግንኙነቱ እስኪመለስ የትምህርቱ ጊዜ ስለሚባክን፣ የመጠባበቂያ ባትሪው ለካሜራውና ለስክሪኑ ብቻ ሳይሆን ለኔትወርክ መሣሪያዎቹም ሊዘጋጅ ይገባል።

የሰዓት ልዩነትም በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ኒው ዴልሂ ከአዲስ አበባ በ2 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። በእኛ አቆጣጠር ከሥራ መውጫ በኋላ ከቀኑ 11፡30 የሚጀመር ትምህርት በኒው ዴልሂ መምህር ዘንድ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር 20፡00 ሰዓት ላይ ይውላል። በፕሮግራም ላይ «3 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈውንም ሁለቱ ወገኖች ለየቅል ሊረዱት ስለሚችሉ፣ ሰዓቱና ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ አለበት። የፈተናና የበዓላት ቀናትም አስቀድመው ሊናበቡ ይገባል።

በተቀባዩ ክፍል የሚመደበው ረዳት መምህር ሚና ከሁሉም የላቀ ነው። ጽሑፎችን አስቀድሞ ያድላል፣ ጥያቄዎችን ያሰባስባል፣ መስመር ሲቋረጥም ትምህርቱን ያስቀጥላል። ትምህርቱ ተቀርጾ ከተቀመጠ ደግሞ ያመለጠው ተማሪ መልሶ ሊያየው ይችላል።

ህንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ያደረገችው ተተኪ ፕሮጀክት በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ሳቢያ የመማሪያ ክፍሎች ሲዘጉም በኢንተርኔት ማስተማር በብዙ አገሮች ተስፋፍቷል። ይህ አሠራር የጋራ አዳራሽን አስፈላጊነት ቢቀንስም፣ የኮምፒዩተሩንና የኢንተርኔት ክፍያውን ሸክም ወደ ተማሪው ያዞራል።

በመሆኑም የሥራ ኃላፊዎች በጀት ሲይዙ ከመሣሪያው ዋጋ ጎን ለጎን የመስመር ክፍያን፣ የጥገና ባለሙያንና የረዳት መምህር አበልን ማካተት ይጠበቅባቸዋል። በትምህርት ዓይነቱ ሌላ መምህር ለሌላቸው ተማሪዎች አንድ የተቋረጠ ክፍለ ጊዜ በቀላሉ የሚተካ አይደለም።