ለበረት የተሠራው ትንሹ ሎደር

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የመንገድ ንጣፍም ሆነ የኮሪደር ልማት ሥራ ባለበት አካባቢ፣ ባለበት ቆሞ ክብ የሚዞር ትንሽ ሎደር ማየት የተለመደ ነው። ኦፕሬተሩም፣ አከራዩም፣ የሠፈሩ ልጅም «ቦብካት» ይለዋል። ቦብካት የአንድ አምራች የንግድ ስም ነው፤ ኬዝም ሆነ ካተርፒላር ወይም የቻይና ሥሪት ሎደር ሲመጣ ግን መጠሪያው አይለወጥም። የማሽኑ ዓይነት ስም ስኪድ ስቲር ሎደር ነው። ብዙዎቻችን የግንባታ መሣሪያ አድርገን እናየዋለን እንጂ የተፈጠረው ፍግ ለማውጣት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሮትሴይ በተባለች ትንሽ ከተማ የብረታ ብረት ሥራ የነበራቸው ወንድማማቾች ሲሪል እና ሉዊስ ኬለር፣ ተርኪ የተባለውን ትልቅ ዶሮ የሚያረባ አንድ ገበሬ ችግሩን አዋያቸው። ትራክተር በቤቱ ምሰሶዎች መካከል አይዞርለትም፣ በአካፋ ደግሞ ሠራተኛ አይበቃውም። ወንድማማቾቹ ባለ ሦስት ጎማ ትንሽ ሎደር ሠሩለት። በማግሥቱ ዓመት ሜልሮ የተባለው የእርሻ መሣሪያ አምራች ሥራቸውን ተቀበለ፤ በ1960 ባለ አራት ጎማው ኤም 400 ወጣ፤ የቦብካት ስም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ያ የአሜሪካ ገበሬ ችግር ለኮልፌ የወተት ላም አርቢ እንግዳ አይደለም። ከመኖሪያ ቤት ጋር በተያያዘ ጠባብ ግቢ ላሞች የሚያረባ ሰው ወተቱን የሚወስድለት አያጣም፤ ፍጉን የሚወስድለት ግን ይቸገራል። አንዲት የወተት ላም በቀን ከሰውነት ክብደቷ ስምንት በመቶ ገደማ እበትና ሽንት ታወጣለች። 400 ኪሎ የምትመዝን ዲቃላ ላም 32 ኪሎ ማለት ነው። ሠላሳ ላም ያለው ሰው በየቀኑ አሥር ኩንታል የሚጠጋ ፍግ ይጠብቀዋል። ክረምት ሲገባ ይህ ሁሉ ወደ ቦይና ወደ ወንዝ ይሄዳል፤ የኬሚካል ማዳበሪያ ዋጋ ያስመረረው የከተማ ዳር ገበሬ ደግሞ ኮምፖስት ይፈልጋል።

ይሁንና ስሌቱን እዚህ ላይ ማቆም አይገባም። አሥር ኩንታል ፍግ ለአንድ ትንሽ ሎደር የጥቂት ምልልስ ሥራ ነው፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሠላሳ ላም ላለው አርቢ ማሽኑን መግዛት ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚውል ብረት ገንዘብ መክፈል ነው። አዋጭ የሚሆነው በማኅበር የተደራጁ አርቢዎች በጋራ ሲይዙት፣ ወይም በሰዓት ሲከራዩት ነው። በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የወተትና የዶሮ አርቢውን ቁጥር ከፍ ለማድረግ የሚሠራ በመሆኑ፣ ወረዳዎች ስለ ፍጉም ከወዲሁ ቢያስቡ መልካም ነው።

የማሽኑ ጉልበት የሚለካው በፈረስ ጉልበት ብቻ አይደለም። ዋናው ቁጥር በደኅና የሚያነሣው ጭነት ሲሆን፣ በጎማ ለሚሄደው ይህ ሎደሩን ወደፊት ከሚደፋው ክብደት ግማሽ ነው። በ1400 ኪሎ የሚደፋ ሎደር መጫን ያለበት 700 ኪሎ ነው። እርጥብ ፍግና ጭቃ ከደረቅ ገለባ እጅግ ስለሚከብድ፣ ባልዲው ሞላ ማለት ጭነቱ ልክ ነው ማለት አይደለም።

ሌላው ከፍታው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ገደማ ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ናፍጣው በሚገባ አይነድለትም። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር አካባቢ ላይ ላለችው ኮልፌ ይህ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሆነውን ጉልበት ያስቀራል። ደብረ ብርሃን ላይ ጉድለቱ ይብሳል። ሻጩ በወረቀት ላይ የሚያሳየው ቁጥር የቆላው ነው፤ ደጋ ላይ የሚሠራ ገዢ ቱርቦ ያለውን ቢጠይቅ አይቆጭም። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ መሆኑም አይዘንጋ። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ውኃው ቶሎ ይፈላል፤ ላልቶ የቀረ ርካሽ ክዳን የሞተሩን ቴስታ ያስበላል።

ሎደሩ መሪ የለውም፣ ጎማዎቹም አይታጠፉም። ሞተሩ ሁለት የሃይድሮሊክ ፓምፖችን ያዞራል፤ አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ጎማዎች ይነዳል። አንዱ ወገን ሲፈጥን ሌላው ሲዘገይ፣ ወይም ተቃራኒ ሲዞር ማሽኑ እየተንሸራተተ ይዞራል። ጎማ የሚበላውም ይኸው ነው። በኮንክሪት ላይ ባለበት ማሽከርከር ለተመልካች ደስ ይላል፤ ለጎማው ግን ሞረድ ነው። ቦታ ካለ ወደፊትና ወደኋላ እያሉ ሰፋ አድርጎ መዞር ይሻላል። አራቱም ጎማዎች እኩል መጠንና እኩል አየር ሊኖራቸው ይገባል። አንዱን አዲስ አድርጎ ሦስቱን አሮጌ መተው በውስጥ ያለውን ካቴና ያለ እኩል ይስባል።

በረት ውስጥ ሲሠራ ሦስት ጠላቶች አሉት፦ ገለባ፣ አቧራና ፍግ። ገለባ ከሞተሩ በስተኋላ በራዲያተሩ ላይ ተለጥፎ አየር ይዘጋል፤ በጭስ ማውጫው አጠገብ ሲከማች ደግሞ እሳት ያስነሣል። ማታ ማታ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ኮፋኖውን ከፍቶ ማጽዳት ከቃጠሎ ያድናል። በኮምፕሬሰር ሲነፋ አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ እንጂ ከውጭ ወደ ውስጥ አይሁን፤ አለበለዚያ ቆሻሻውን ይበልጥ ይወትፈዋል። ፍግ ብረት ይበላልና ሥራ ሲያበቃ ማጠብ፣ ካጠቡም በኋላ ፔርኖዎቹን ሁሉ ግራሶ ማጠጣት ግድ ነው። ግራሶ ያጣ ፔርኖ መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ቀዳዳውን ያሰፋል፤ ያኔ በትንሽ ገንዘብ የሚድነው ነገር ቶርኖ ቤት ይገባል።

በየጠዋቱ የሞተር ዘይት፣ የሃይድሮሊክ ዘይትና የራዲያተር ውኃ ይታያል፤ ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር የተጠራቀመው ውኃ ይፈስሳል። ናፍጣ በጀሪካን የሚቀዳ ከሆነ ይህ የመጨረሻው ነገር እንዲሁ አይታለፍ። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ እንደ ማሽኑ ዓይነት በየ250 ወይም በየ500 ሰዓቱ ይለወጣል፤ አቧራ ላይ ለሚሠራ ቀደም ማድረግ ይበጃል። ካቴናው የሚነከርበት ዘይት ግን ከብዙዎች ልብ ይወጣል፤ ስለማይታይ ነው። የሃይድሮሊክ ዘይት በባዶ ጠርሙስ እያመጡ የተገኘውን መጨመር ደግሞ ፓምፕ ይገድላል። ሱማሌ ተራ ፊልትሮና ኩሽኔታ ፈልጎ ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ የፓምፕ ዋጋ ግን የማኅበሩን ካዝና ያራቁታል።

በዚህ ማሽን ሰው የሚሞትበት መንገድ የታወቀ ነው። ክንዱ ከፍ ብሎ ሳለ ከሥሩ ገብቶ መጠገን፣ ወይም ከመቀመጫው ሳይወርዱ በባልዲው በኩል ዘንበል ብሎ መውጣት። ክንዱ የራሱ የብረት መደገፊያ አለው፤ እርሱ ሳይገባ ማንም ከሥር አይግባ። የመቀመጫ ቀበቶውን ወይም የጭን ብረቱን ሽቦ አስሮ «እንዳያስቸግር» ማድረግ የማሽኑን የደኅንነት መቆለፊያ መግደል ነው። የሚያንጠባጥብ የሃይድሮሊክ ቱቦም በእጅ አይዳሰስም፤ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀዳዳው በካርቶን ቁራጭ ይፈለጋል። ሽቅብ ሲወጣ ከባዱ ወገን ወደ ላይ ይሁን፤ ባዶውን ከሆነ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ወደኋላ ነው የሚወጣው። ዳገት በበዛበት በኮልፌ ይህችን አለማወቅ መገልበጥን ያመጣል።

ለወረዳ ኃላፊዎች የሚቀረው የግዢው ጉዳይ ነው። በ2011 ዓ.ም የግብርና ሜካናይዜሽን መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ተፈቅዷል፤ ይህ ሎደር ግን በብዙዎች ዘንድ የኮንስትራክሽን ማሽን ተብሎ ስለሚመደብ ማኅበራት ውል ከመፈረማቸው በፊት አስቀድመው ያጣሩ። ውሉ ውስጥ የዋጋው ቁጥር ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሺህ ሰዓታት ፊልትሮዎች፣ የቱቦና የሲል ስብስብ፣ የኦፕሬተር ሥልጠናና የጥገና መመሪያው ይካተት። ማሽኑን አምስት ሰው እየተፈራረቀ ከነዳው ማን እንዳበላሸው አይታወቅም። አንድ ኦፕሬተር፣ አንድ ረዳት፣ አንድ ደብተር ይበቃል፤ በደብተሩ ላይ የሰዓት ቆጣሪው ቁጥር በየቀኑ ይጻፍ፣ ዘይት የተለወጠበት ሰዓትም በቀይ።