ያውቁ ኖሯል? ውሻና ድመት ይዞ ወደ አውሮፓ መግባት የወራት ዝግጅት ይጠይቃል

ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር የሚሄድ ውሻ ወይም ድመት በመጀመሪያ ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር ሊገባለት ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጠው በዚያው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ክትባቱ አይቆጠርም፤ ስንቱ ባለቤት እዚህ ላይ ጊዜውን ያባክናል!

ከክትባቱ በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይወሰድና ኅብረቱ እውቅና በሰጠው ላቦራቶሪ ይመረመራል። ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም እንኳ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ 3 ወር መጠበቅ ግድ ነው። ይህ የቢሮክራሲ ጭካኔ አይደለም። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት በሰውነት ውስጥ ሊደበቅ ይችላል፤ ከመከተቡ በፊት የተያዘ እንስሳ ጤነኛ መስሎ እንዳያልፍ ነው ጥበቃው።

አውሮፓ የሚኖሩና ውሻቸውን ይዘው አገር ቤት ለመምጣት ያሰቡ ይህን ልብ ይበሉ፦ የደም ምርመራው ከመነሳትዎ በፊት ተደርጎ በእንስሳው ፓስፖርት ላይ ከተመዘገበና ክትባቱ ጊዜው ካላለፈበት፣ ሲመለሱ የ3 ወሩ ጥበቃ አያስፈልግም።

አሜሪካ ደግሞ ከነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 6 ወር ያልሞላው ውሻ አታስገባም። ድመት ግን በፌዴራል ደረጃ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃ አትጠየቅም፤ ክፍለ ግዛቱና አየር መንገዱ የራሳቸው ደንብ ሊኖራቸው ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።