የጁገል ስፌት ቤቶችና የማኅበራዊ ሚዲያ ደንበኞቻቸው

በሐረር አሮጌ ከተማ፣ በጁገል ግንብ ውስጥ የሚሠሩ አነስተኛ የቤተሰብ ንግዶች፣ ማለትም የሣር ስፌት ሰፍተው የሚሸጡ፣ ቡና ቆልተው የሚያሽጉ፣ በመኪና ግርግር ጎዳና ልብስ የሚሰፉና መኖሪያቸውን ለእንግዳ የከፈቱ ቤተሰቦች፣ ማኅበራዊ ሚዲያን የሚጠቀሙበት መንገድ ከአዲስ አበባው የልብስና የጫማ ነጋዴ ይለያል። የአዲስ አበባው ነጋዴ በቴሌግራም ቻናሉ የሚፈልገው በአብዛኛው የማያውቀውን ገዢ ሲሆን፣ የሐረሩ ቤት በቅድሚያ የሚያገኘው በዝምድና፣ በጉርብትና ወይም በአፎቻ የተሳሰረውን ሰው ነው። አፎቻ ከእድር ጋር የሚቀራረብ፣ ሐረሪዎች በሠርግና በሐዘን የሚደጋገፉበት ማኅበር ሲሆን፣ ወንዶችም ሴቶችም የየራሳቸው አላቸው። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም፣ ከፎቶ አነሳሱ እስከ ቀብድ አቀባበሉ ድረስ ቤተሰቡ በስልኩ የሚያደርገውን ብዙውን ነገር የሚወስነው እርሱ ነው።

ጁገል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር እንደተሠራ የሚነገርለት ግንብና በውስጡ ያለው ከተማ ነው፤ ስፋቱ 48 ሄክታር ገደማ ሲሆን በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚህ ጠባብ ስፍራ የሚገኘው ባህላዊው የሐረሪ ቤት፣ በሐረሪ ቋንቋ ጌይ ጋር የሚባለው፣ ከፍና ዝቅ ተደርገው የተሠሩ መደቦች ያሉት ሳሎን አለው፤ የሳሎኑ ግድግዳ ዋነኛ ጌጥም በሴቶች እጅ የተሰፉ፣ በቀለም ያሸበረቁ ስፌቶች፣ ክዳን ያላቸው ሞሰቦችና ሙዳዮች ናቸው። ስፌቶቹ እንደ ነገሩ አይሰቀሉም፤ እንደየዓይነታቸው ስም፣ ቦታና በሠርግ ወይም በድግስ ጊዜ የሚሰጡት አገልግሎት አላቸው። ስለዚህ ለሽያጭ የሚሰፋ ቤተሰብ በገበያ መሐል ሱቅ ባይኖረውም ዕቃው በሥርዓት የተደረደረበት ሳሎን አለው፤ ስልክ ይዞ ፎቶ ማንሳት ሲጀምርም ከዕቃው ጀርባ የሚገባው ይኸው ግድግዳ ነው።

ገዢው ግን ከግንቡ እጅግ ርቆ ሊገኝ ይችላል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጆች ወዲህ በርካታ ሐረሪዎች ከተማቸውን ለቀው በአዲስ አበባ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በካናዳ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ኑሯቸውን መሥርተዋል፤ ልጅ ሲድሩ ወይም አዲስ ቤት ሲገቡ ግድግዳቸውን በሐረር ስፌት ማስጌጥ የሚፈልጉትም ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸው። ቀድሞ ይህ ፍላጎት ወደ ባለሙያዋ የሚደርሰው ለእረፍት በመጣ ዘመድ አፍ ነበር፤ ምን ዓይነት ቀለም፣ ምን ያህል ስፋት የሚለው ሁሉ በቃል ተነግሮ፣ ዕቃው የሚታየውም በሚቀጥለው ጉዞ ነበር። ዛሬ ቶሮንቶ ያለችው የሙሽራ እናት ስፌቱን ገና በጅምሩ በዋትስአፕ ታየዋለች፤ ሐሳቧን መለወጥ ብትፈልግም ጊዜ አላት። እንዲህ ያለችውን ደንበኛ ማስታወቂያ አላመጣትም፤ የባለሙያዋን እናት ወይም አክስት ስለምታውቅ ነው የመጣችው። ቀለሙ ቢለቅ ወይም የተባለው ቀን ቢያልፍ ቅሬታው በዘመድና በአፎቻ በኩል ዞሮ ቤት እንደሚደርስ ሁለቱም ወገን ያውቃሉ፤ ማንኛውም የደንበኛ ግምገማ ገጽ ይህን ያህል ኃይል የለውም። ከረመዳን ቀጥሎ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲያበቃ የሚከበረውና በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው የሹዋሊድ በዓል ሲደርስ ወደ ሐረር የሚመጣው ሰው ስለሚበዛ፣ ከበዓሉ በፊት ያሉት ወራት ለቤቶቹ ትዕዛዝ የመቀበያ ጊዜ መሆን ይገባቸዋል።

ከማኅበራዊ ሚዲያ መሣሪያዎች መካከል ቴሌግራም በኢትዮጵያ ነጋዴዎች ዘንድ የተወደደበት ምክንያት አለው። ቻናል ባለቤቱ የሚለጥፍበትና ተከታዩ የሚያይበት ገጽ ሲሆን፣ ግሩፕ ሁሉም አባል የሚናገርበት ነው፤ በቻናል የተለጠፈ ዕቃ ለተከታዮቹ በሙሉ በጊዜ ቅደም ተከተሉ ይደርሳል። በፌስቡክና በቲክቶክ ግን ማን ምን እንደሚያይ በአመዛኙ የሚመርጠው አልጎሪዝም ነው፤ አልጎሪዝም ማለት እዚህ ላይ የተጠቃሚውን ያለፈ አመል እየተከተለ ቀጥሎ የሚቀርብለትን የሚለይ የኮምፒውተር ስሌት ሲሆን፣ ቶሎ ቶሎ ለሚለጥፍ ሰው ያደላል ይባላል። አንድ ትልቅ ስፌት ለማለቅ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ስለሚፈጅ፣ የስፌት ቤት በየቀኑ የሚለጥፈው አዲስ ዕቃ አይኖረውም። በዚህ ጊዜ የሚያዋጣው ሥራውን ራሱን ማሳየት ነው፤ ወስፌው ሲበሳ፣ ቀለም የተነከረው ሣር በቀዳዳው ሲሾልክና ሲጠብቅ የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ካለቀለት ዕቃ ፎቶ ይልቅ ሰው ያቆማል። ፊቷ በአደባባይ እንዲታይ የማትፈልግ ባለሙያም እጇን ብቻ ማስቀረጽ ትችላለች፤ የሚሸጠውም የእጇ ሥራ ነውና ምንም አይጎድልበትም። በቲክቶክ እንግዳ ሰው ይመጣል፣ በቴሌግራም የመጣው ይቆያል፣ ትዕዛዙ ግን የሚያልቀው በስልክ ንግግር ነው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

የፎቶው ነገር ትንሽ ዘርዘር ማለትን ይጠይቃል። የሐረር ስፌት ውበቱ በቀለሙና በጥለቱ ጥራት ሲሆን፣ የስልክ ካሜራ የሚያበላሸውም በተለይ ይህንኑ ነው፤ በቀትር ፀሐይ የተነሳ ቀይ ይነጣል፣ በአምፖል ብርሃን የተነሳ ነጭ ወደ ቢጫ ያደላል። በጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት የግቢው ጥላ ውስጥ ዕቃውን በነጭ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ማንሳት ብዙውን ችግር ያቃልላል። ሁለተኛው ችግር መጠን ነው፤ አንድ ክንድ የሚሰፋውና አንድ ስንዝር የሚሆነው ስፌት በፎቶ አንድ ይመስላሉ፤ ስለሆነም ከአጠገቡ ሜትር መዘርጋት ወይም የቡና ሲኒ ማስቀመጥ ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል። የስፌቱን ጀርባ ማሳየትም ይጠቅማል፤ ሙያውን የሚያውቅ ገዢ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን አይቶ ነው የሚፈርደው።

ዋጋን በሚመለከት በአገሪቱ የተለመደው ልማድ የሚያስመሰግን አይደለም። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ማስታወሻ ለገዢው ፊቱ ወይም አድራሻው ታይቶ ዋጋ የሚቆረጥበት ሆኖ ይሰማዋል፤ ውጭ አገር ያለ ሰው ደግሞ ይህን ቶሎ ይጠረጥራል። ለተለመዱት መጠኖች መነሻ ዋጋ ጽፎ ለልዩ ትዕዛዝ ብቻ ንግግር ማስቀረት ክርክሩን ያሳጥራል። ቀብድ፣ ማለትም ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚከፈል ከፊል ዋጋ፣ ለስፌት ቤት ግዴታ ነው ማለት ይቻላል፤ የሙሽራዋ ቤተሰብ የመረጠውን ቀለም ሌላ ሰው ላይፈልገው ይችላልና። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ያስጀመረው ቴሌብርና የባንኮች የሞባይል አገልግሎት ቀብድ መላክን ቢያቀልሉም፣ ክፍያ መፈጸሙን ለማሳየት የሚላከው ስክሪንሾት ተሠርቶ የቀረበ ሐሰት ሊሆን ስለሚችል፣ ሻጯ የገዛ ሒሳቧን ሳታይ ወስፌ ባታነሳ ይመረጣል። ውጭ ያለ ደንበኛ በብዛት የሚከፍለው ሐረር ባለ ዘመዱ በኩል ነው፤ ዝምድናው እዚህም ሥራውን ይሠራል።

በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ ንግድ በሐረር ብዙ ደንበኛ ያስቀራል። ከተማዋ ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማልኛ የሚነገርባት ስትሆን፣ የሐረሪ ቋንቋ (ጌይ ሲናን) በተለያዩ ጊዜያት በዓረብ፣ በግዕዝና በላቲን ፊደላት ተጽፏል፤ በዕድሜ የገፉ እናቶች አንዱን ፊደል ቢያውቁ ሌላውን ላያውቁት ይችላሉ። ለዚህ መፍትሔው የድምፅ መልእክት ነው፤ እናት በጌይ ሲናን ትናገራለች፣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ደግሞ የቻናሉን ጽሑፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያዘጋጃል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙያው በእናት፣ ስልኩ በልጅ እጅ ሲሆን ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ልጁ ባለሙያዋን ሳይጠይቅ የማስረከቢያ ቀን ከቆረጠ፣ ሌሊት ተቀምጣ የምትሰፋው እርሷ ናት።

ማድረሱ ሌላ ሒሳብ ነው። ስፌት ቀላል ቢሆንም ቦታ ይይዛል፤ የአየር ጭነት ድርጅቶች ደግሞ ለእንዲህ ያለ ዕቃ ክፍያ የሚያሰሉት በኪሎው ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ነው፤ ስለዚህ ትንሹን በትልቁ ውስጥ ከትቶ ማሸግ ወጪውን በእጅጉ ይቀንሳል። ያም ሆኖ በሰው እጅ መላክ አልቀረም፤ ከድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣ ዘመድ መኖሩን በግሩፕ መጠየቅ የተለመደ ነው። ወደ ቤቱ በእግሩ ለሚመጣ ጎብኚ ደግሞ በጁገል ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ የካርታ ምልክት ብዙም ስለማይረዳ፣ ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ እስከ ደጃፉ የሚያደርስ አጭር ቪዲዮ መላክ ከአድራሻ ይበልጣል። የቡና ቆዪዎቹ ነገር ከዚህ ይቀላል፤ የሐረር ቡና በስሙ የታወቀ ስለሆነ፣ ቤቱ በገጹ ላይ ቡናው መቼ እንደተቆላ ቢጽፍ ለገዢው ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ የተመሠረተው ግን ቤተሰቡ በማያዝዘው መስመር ላይ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው እገዳው የተነሣው በሐምሌ ነው። የገጹን ተከታይ ብቻ ቆጥሮ የተቀመጠ ነጋዴ እንዲህ ባለ ጊዜ የደንበኞቹን አድራሻ የሚያገኝበት መንገድ የለውም፤ የትዕዛዙን ዓይነት፣ የተቀበለውን ቀብድና የደንበኛውን ስልክ ቁጥር በደብተር የሚመዘግብ ቤት ግን በመደበኛ ስልክ ጥሪ ሥራውን መቀጠል ይችላል።